ለሁለታችን የነበረው ማዳመጫ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴንም፣ ስካሬንም፣ ሱቄ ውስጥ ሚዛን ማጉደሌንም ተናዝዤ፣ ይቺን ብቻ ውጬ ተነሥቻለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

እኔና ባለቤቴ አልማዝ ልጅ ስንጠብቅ ዓመታት አለፉ። ቤታችን ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምንባባልበት ግቢ ውስጥ ነበር። የመካንነት ክሊኒኩ ወረፋ ላይ የሚያውቀን ሰው እንዳያየን አንገታችንን ደፍተን ነበር የምንቀመጠው። ሐኪሙ "ከእንግዲህ በቪዲዮ እንገናኝ" ሲለን እፎይ አልን። ጎረቤት እንዳይሰማም የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን እኔ፣ አንዱን እሷ እየሰካን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመን እናዳምጠው ነበር።

የምርመራችን ውጤት የሚነገር ቀን ግን ሁለቱንም እኔ ሰካሁት። ለምን? ፈርቼ ነዋ! "መስመሩ ይቆራረጣል፤ በደንብ ልስማና እነግርሻለሁ" አልኳት። እሺ አለች።

"ባለቤትዎ ጤነኛ ናቸው" አለኝ ሐኪሙ። "ችግሩ ከእርስዎ በኩል ነው፤ ግን ይታከማል። ጊዜ ሳያጠፉ ይምጡ።" አልማዝ ከጎኔ ሆና የከንፈሩን እንቅስቃሴ ታያለች። ሲጨርስ "እግዜር ይስጥልን ዶክተር" ብላ እጅ ነሣችው። እሱም የሰማች መስሎት ፈገግ አለላት። ስልኩን ዘጋሁት።

"ምን አለ?" ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

"ካንቺ ነው" አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳት። "መድኃኒትም የለውም፤ ለፈጣሪ ተዉት ብሏል" ብዬም ጨመርኩበት።

እናቴ ገና ከጠዋቱ ጣቷን የቀሰረችው በአልማዝ ላይ ነበር፤ እኔን የጠረጠረኝ ማንም የለም። ታዲያ እኔ ራሴን ለምን ላጋልጥ? በድብቅ እታከማለሁ፣ ስትፀንስ ፈጣሪ ሰጠን እንላለን ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ግን ክሊኒኩን ባሰብኩ ቁጥር ያ ወረፋ ይታየኛል። ዛሬ ነገ ስል አልሄድኩም። አልማዝ ያኔም ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር፤ እኔ አውቃለሁ፣ እያወቅሁ ነው የዘገየሁት። እሷ በየጠበሉ ስትንከራተት ጄሪካኗን ተሸክሜ ሸኘኋት። እናቴ በነገር ስትወጋት "እውነትዎን ነው እማማ፣ የኔ ጥፋት ነው" ስትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ሰው ባል ይባላል?

ከሁሉ የሚያሳርረኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ከክሊኒኩ አንዲት ልጅ ደውላ፣ በቪዲዮ በሚሰጠው ሕክምና ረክተን እንደሆነ ጠየቀችኝ። "በጣም ረክተናል፤ የሚያየን የለም" አልኳት። ባለቤቴንም ልታናግር ፈለገች።

"እኔም በጣም ረክቻለሁ" አለቻት አልማዝ። "ክፉ ወሬ ሰው ፊት ከምሰማ፣ ባለቤቴ ቤቴ ውስጥ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እሱ ባይኖር በምን አንጀቴ እችለው ነበር?"

ዛሬ የአልማዝ የመውለጃ ዕድሜ አልፏል። ግቢያችንም ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ወጣት ነበርኩ፣ እናቴን ፈርቼ ነው አልልም፤ አልማዝን ልጅ የነሣኋት እኔ ነኝ። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ማለቱ የእናንተ ድርሻ አይደለም። አልማዝ ከገበያ ስትመለስ አስቀምጬ ይህንን የጻፍኩትን አነብላታለሁ። የዚህ ቤት ግድግዳም ያው ስስ ነው። ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ጎረቤትም ይስማ።