ከአንቱ ወደ አንተ

ልብስ ሰፊዋ በያጅ ባሏን «አንተ» ብላው አታውቅም። በያጁ ሲያገባት በዕድሜ በጣም ይበልጣት ነበርና አንቱ ማለት ጀመረች፤ በዚያው ቀረች። ጎረቤቷ ሹም አገባሽ እንዴ እያለች ብታሾፍባትም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

አሁን ግን አንድ የፊልም ዳይሬክተር ተዋናይ አልፈልግም ብሎ እነሱኑ ባልና ሚስት አድርጎ ሊቀርጽ የስፌት ክፍሏን በመብራትና በሽቦ ሞላው። ለእሷ የደረሳት አንዲት ጥያቄ ናት። ባል ጠፍቶ ውሎ ይገባል፤ ሚስት የስፌት መኪናዋን አቁማ «የት ነበርክ?» ትለዋለች። እሱ «ሥራ ላይ» ይላል። በቃ። ይህ ማንን ያቅታል?

እሷን አቃታት። «የት ነበሩ?» አለች። አስቆሟት። ደገመች፤ አሁንም «የት ነበሩ?»። ቀራጮቹ ሳቃቸውን አፈኑ። በያጁ ራሱ ግድ የለም፣ አንተ በይኝ ቢላት ጭራሽ ባሰባት። ዳይሬክተሩ ይህች ሴት ተቆጥታለች እንጂ እንግዳ እየተቀበለች አይደለም ብሎ አስረዳት፤ አሁን ካልሆነ ሌላ ሰው እንደሚያመጣም በትሕትና ነገራት።

ምላሷን የያዘው አክብሮት ብቻ አልነበረም። ይህችኑ ጥያቄ ለዓመታት ውጣት ኖራለች። ሴት ልጃቸውን ሆስፒታል ስትወልድ፣ ልጅቷም ሳትተርፍ ስትቀር፣ በያጁ አጠገቧ ድርሽ አላለም። በማግስቱ ወደ ቤት ሊወስዳት መጣ። አልጠየቀችውም። አንቱ ያሉትን ሰው እንዴት ያፋጥጡታል? ደግሞም መልሱን ፈርታ ነበር። ዛሬም ፈርታለች።

ቀረጻው ተጀመረ። በያጁ ገባ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ቀና ብላ አየችው።

«የት ነበርክ?»

ይህ የፊልም ድምፅ አልነበረም። በያጁም ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሥራ ላይ» እንዲል ሁሉም ጠበቀው።

«በሩ ላይ» አለ። «የሆስፒታሉ በር ላይ። መግባት ፈራሁ።»

ዳይሬክተሩ አስቆማቸው። እሷ ግሩም እንደሆነች፣ አባወራው ግን ቃሉን እንደሳተ ተናግሮ እንዲደግሙት ጠየቀ። የሰማው የለም። ልብስ ሰፊዋ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተከመረበትን በርጩማ በእጇ ጠርጋ ወደ ባሏ ገፋችለት።

«ቁጭ በል» አለችው። «ብቻህን ነበርክ?»