የእንግዳ ማረፊያው ድረ ገጽ የጠፋ ሰሞን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሽ ወርቁ አንድ የቆመ የፎቶ ኮፒ ማሽን አሳዩኝና «ክፈተው» አሉኝ። ቦንጋ ገበያ አጠገብ የነበረችው ኮምፒውተር ቤታቸው በተማሪዎች ተጨናንቃለች። መፍቻውን ይዤ ማሽኑን ስዞረው አይተው ሳቁ። «ፈሪ ሠራተኛ እወዳለሁ፤ ቢያንስ ዕቃ አይሰብርም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከጥገና ወደ ኔትወርክ ዝርጋታ፣ ከዝርጋታም ድረ ገጽ ወደ መሥራት ተሻገርኩ፤ የራሴንም ሱቅ ከፈትኩ። ፍርሃቱ ግን አብሮኝ አረጀ። ከሁሉም የከፋው እትዬ ፀሐይ የገዙት የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ የጠፋ ሰሞን የያዘኝ ነው።

እትዬ ፀሐይ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የወላጆቻቸውን ቤት ሸጠው ማረፊያውን ከጋሽ ገብሬ ገዙ። ርክክቡ ሽማግሌዎች በተገኙበት ተፈጸመ። አልጋው፣ ፍራሹ፣ የውኃ ታንከሩ፣ የጓሮው የንብ ቀፎ ሳይቀር እየተጠራ ተረከቡ። ድረ ገጹን ግን የጠራው የለም። ሽማግሌዎቹ ምን ያድርጉ? አይታይ፣ አይዳሰስ።

አንድ ቀን እትዬ ፀሐይ ከባጃጅ ወርደው ቁና ቁና እየተነፈሱ ሱቄ ገቡ።

«ታዬ፣ እስቲ ይኼን እየው። ቤቴ የት ገባ?»

ስልካቸው ላይ የክፍሎቹና የጫካው ፎቶ መታየት ሲገባው «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል ገጽ ተደቅኗል። ነገሩ ገባኝ። የድረ ገጹ ስም፣ ዶሜን የምንለው፣ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ማስታወሻው ሲላክ የኖረው ወደ ጋሽ ገብሬ አሮጌ ኢሜይል ነው፤ ያነበበው የለም። ስሙን የሚያከራየው የውጭ አገር ድርጅት ለቀድሞው ባለቤት ጥቂት ሳምንታት ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ የቀደመ ይወስደዋል።

«ሌላ ሰው ቢወስደውስ?» አሉኝ።

«በእርስዎ ስም ከእንግዶች ቀብድ ሊበላ ይችላል።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። የቡና መገኛ የሚባለውን የማንኪራን ጫካ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚያገኛቸው በዚያ ስም ነው። ስሙ ከሄደ የሚቀራቸው አልጋና ፍራሽ ብቻ ነው። እኔም ፍርሃቴን እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩ።

ጋሽ ገብሬ ማረፊያውን ከሸጡ በኋላ ማንኪራ ገብተው ንብ ያረባሉ። መልእክት ሲደርሳቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሱቄ መጡ። ስሙ የሚታደሰው በዚያው አሮጌ ኢሜይል በኩል ስለሆነ፣ ኢሜይላቸውን በገዛ ፈቃዳቸው፣ በራሳቸው ጣት ሊከፍቱልን ተቀመጡ። የይለፍ ቃሉን አልረሱትም። ኢሜይሉ ግን ኮምፒውተሬን አላውቀውም አለ፤ በስልክ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ኮድ የምንለውን፣ ልላክ ሲል ጠየቀ። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ።

ጋሽ ገብሬ ስልካቸውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ምንም አልመጣም።

«ኔትወርክ ነው» አሉ።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ።

«ኔትወርክ ይሆናል» አሉ እትዬ ፀሐይም። በእኛ ከተማ ላልመጣ ነገር ሁሉ ይህ መልስ በቂ ነው። በማግስቱ ደግመን ሞከርን። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ጋሽ ገብሬ ኔትወርክ ፍለጋ ስልካቸውን ይዘው ከሱቁ በላይ ያለው ዳገት ላይ ይወጣሉ፤ እኔ ከታች እጫናለሁ። እትዬ ፀሐይ መሀል መንገድ ላይ ቆመው «መጣ?» ብለው ይጮኻሉ። መንገደኛው ቆሞ ያየናል።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ሙከራችሁ በዝቷል፣ ከቀጠላችሁ ኢሜይሉ ይታገዳል አለ። ላብ አጠመቀኝ። ያን ጊዜ ነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገጹ ላይ የነበሩትን፣ ኮዱ የሚላክበትን ስልክ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ልብ ያልኳቸው።

«ጋሼ፣ የስልክዎ መጨረሻ ስንት ነው?»

ነገሩኝ። አይገጥምም።

«እሱማ የድሮው ነው» አሉ። «ማንኪራ ስገባ ተውኩት። ሲሙም ጠፍቷል።»

ክው አልኩ። ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ አውቃለሁ። የድሮውን ቁጥር ከእርሳቸው ተቀብዬ ወዲያው ደወልኩ፤ አንዲት ሴት አነሳች። ጋሽ ገብሬ ስልኩን ተቀብለው በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ አነጋገሯት። እንደ ወጉ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። አየለች ትባላለች፣ ቢታ ገነት ገበያ ኮረሪማ ትሸጣለች። ጨዋታው ደርቶ ሳለ እኔ ቸኩዬ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩና ጣልቃ ገባሁ። «እህቴ፣ አሁን ኮድ ይደርስሻል…»

ዘጋችው። ደግመን ስንደውል ስልኩ ጠፍቷል።

በማግስቱ ሦስታችንም በሚኒባስ ቢታ ገነት ሄድን። አየለች ከኮረሪማ ጆንያዋ ኋላ ተቀምጣ አገኘናት። ጋሽ ገብሬ የደወሉት እርሳቸው እንደሆኑ ሲነግሯት ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች። የመጣንበትን አንድ በአንድ አስረዷት። እትዬ ፀሐይ እንባቸው መጣ።

አየለች ግን «ቁጥር ለሰው አትንገሪ ተብሏል፤ አልናገርም» አለች። «እኔ ራሴ ልጻፈው።»

ዝም ብል ያልቅልኝ ነበር። አልሆነልኝም። «እህቴ፣ ብትጽፊውም ብትነግሪኝም ያው ነው። ሌባ ከሆንኩ በሁለቱም መንገድ እዘርፍሻለሁ» አልኳት። እትዬ ፀሐይ ክንዴን በጥፍራቸው ያዙ።

አየለች ቀና ብላ አየችኝ። ተነሥታ ሄደች። የምትቀር መሰለኝ። እርሷ ግን በስልኳ የምታስቀምጠውን ገንዘብ ከሞባይል ገንዘብ ወኪሉ ሱቅ አውጥታ፣ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ተመለሰች።

«አሁን ስልኩ ባዶ ነው፤ ላክ» አለች።

ላክሁ። ስልኳ ጮኸ፤ እርሷም ደነገጠች። ቁጥሩን በጣቷ እየፈለገች ላፕቶፔ ላይ ጻፈችው። ኢሜይሉ ተከፈተ። እዚያው ጆንያው ላይ ተቀምጠን የድርጅቱን ገጽ ከፈትን፣ ውጭ አገር ያለው የእትዬ ፀሐይ ወንድም በካርዱ ከፈለ፣ ስሙ ተመለሰ። ከኢሜይሉ የአየለችን ቁጥር አውጥቼ የጋሽ ገብሬን አዲሱን አስገባሁ፤ የድረ ገጹንም ስም በእትዬ ፀሐይ አስመዘገብኩ። ጋሽ ገብሬ ምስጋናቸውን ጮክ ብለው ለፈጣሪ አቀረቡ።

አየለች ግን አልሳቀችም። «ሳምንቱን ሙሉ ሲልኩብኝ የነበሩት እናንተ ናችሁ?» አለች።

«ምን?»

«ቁጥር ነዋ! በላይ በላዩ ይመጣል። ሰው ሊዘርፈኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ልጆቼን ስልኩን እንዳትነኩ አልኩ። ቸርች ወስጄ አስጸለይኩበት። ዛሬ ጠዋት ሲሙን ልሰብረው ስል ጎረቤቴ ናት ያስጣለችኝ።»

ቦንጋ ላይ ኔትወርክ እያልን በተጫንን ቁጥር፣ ቢታ ገነት ላይ ይህቺ ሴት ስትደነግጥ ከርማለች። ጥርሷን ነክሳ ሲሙን ብትሰብረው ኖሮ እትዬ ፀሐይ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልን» አልኳት። «ከእንግዲህ አይመጣብሽም።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች፤ ስልኳን ግን ገና ከእጇ አልለቀቀችም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ ሁሉ፦ «ኮድ ላክ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ስልኩ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አረጋግጡ።