የአራት ከተማ ገበጣ

ላሊበላ ስልክ ቤት የምትሠራው ይማርሽ ወልደ ሩፋኤል ስብሰባ ስትወድ ለጉድ ነበር። አብዮታዊት መስላችሁ እንዳትሳሳቱ! ስብሰባ የምትወደው እሷ ስለማትገባበት ነው። ሹሞቹ አዳራሽ ገብተው በሩ ሲዘጋ፣ «ይውደም»ና «ይለምልም» ሲጀመር፣ ስልክ የሚደውል ሰው ይጠፋል። የላሊበላ ሹሞች በተሰበሰቡበት ጠዋት ደግሞ የጋሸናዎቹም፣ የኮኖቹም፣ የሙጃዎቹም ተሰብስበዋል፤ መመሪያው ከላይ ለሁሉም አንድ ላይ ነዋ የሚወርደው። ያን ጊዜ ሽቦው ሥራ ፈትቶ ይውላል። ይማርሽ ደግሞ ሥራ የፈታ ነገር ማየት አይሆንላትም።

አራቱን ከተሞች የሚያገናኘው መስመር አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ስልከኛ መዘውሩን ሲያሽከረክር የአራቱም ደወል ይጮሃል፤ መነጋገሪያውን ያነሳ ሁሉ ይሰማል። ሌላው ሰው ይህን እንደ እርግማን ነው የሚያየው። ምሥጢር የለ፣ ሐሜት የለ፣ ምኑ ስልክ ነው? ይማርሽ ግን አንድ ቀን እንደ ተቀመጠች ጭኗን በጥፊ መታችና «አራት ሰው አንድ ላይ ከሰማ፣ አራት ሰው አንድ ላይ ይጫወታላ!» አለች። ብቻዋን ነበረች፤ ግን ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ጨዋታ ስትል ገበጣ ማለቷ ነው። ሌላ ጨዋታ መኖሩንም የምታምን አይመስለኝም። ባሏን ፈትታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ጊዜ፣ የሰፈሩ ሐሜተኛ ሁሉ «በገበጣ እየረታችው መሮት ነው» ብሎ ነበር። ውሸት ነው! ሰውየው ሲሸነፍ ጠጠሩን የሚበትን ዓይነት ነበር፤ የመረረው እሷን ነው። ለመሆኑ ጠጠር ከሚበትን ሰው ጋር ትዳር ይያዛል?

የከተማው ሰው ሁሉ ዓለቱን ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ባነጸው ሲደነቅ፣ ይማርሽ በልቧ የምትደነቀው መሬት ላይ ጉድጓድ ጭሮ ገበጣን በፈጠረው ሰው ነበር። ማን ይሆን? ምን ዓይነት ጭንቅላት ነበረው? «አራት ሲሞላ ይበላ» ለማለት እንዴት ደረሰበት? በሦስት ይበላ ቢል ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል፤ በስድስት ቢል እስኪመሽም አያልቅ። ይህን ሞክሮ፣ አፍርሶ፣ እንደገና ሞክሮ ነው የደረሰበት፤ ሰው ሲጣላም፣ ሲያኮርፍም አይቷል ትላለች። ታዲያ ታመሰግነዋለች፣ ወዲያው ደግሞ ትወቅሰዋለች። ለሁለት ሰው ብቻ አደረገዋ! የቀረነው ቆመን እንድንመለከት የፈረደብን ምን በድለነው ነው?

እናም አንድ የስብሰባ ቀን መዘውሩን እንደ ጉድ አሽከረከረችው።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለች የኮኗ ስልከኛ ገለቴ። ገለቴ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ደግሞ የማይፈታ ሴት ናት።

«ኧረ ማንም አልሞተም! ጠጠር ልቀሙ!»

«ጠጠር ለምን? ልንወገር ነው?» አለ የጋሸናው ፈንታው። እሱ ገና ጎረምሳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መንታ መንገዱ ላይ ከሚቆሙ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር ሲቀልድ የሚውል። አራተኛው የሙጃው አያ ጋሻዬ ነበሩ፤ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። እሳቸው «እሺ፣ ቆዩኝ» ብቻ ብለው ወደ ደጅ ወጡ፤ ሲመለሱ ጠጠሩ በቆርቆሮ ውስጥ ሲንኳኳ ሁሉም ሰማው።

ይማርሽ ትንፋሽ እያጠራት ሕጉን ነገረቻቸው። «በክብ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ሥሩ። ሦስቱ ቤት የኔ፣ ቀጥሎ የጋሸና፣ ከዚያ የኮን፣ ከዚያ የሙጃ፤ ከሙጃ ዞሮ እኔ ዘንድ ይመጣል። ተራው የደረሰ ከራሱ አንዱን ቤት ያነሳና አንዳንድ እያደለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጠጠር የሰው ቤት ገብታ አራት ካደረገችው፣ አራቱን በልቶ ጎተራው ያስገባል። ተራው ደርሶ ሦስቱም ቤቱ ባዶ የሆነበት ይወጣል። ስብሰባው ሲያልቅ ጎተራው የሞላ አሸነፈ!»

ወይ ጉድ! እንዲያ ያለ ጠዋት ታይቶ አይታወቅም። ከላሊበላ ሆና የኮኗን ቤት ስትበላ የገለቴ እሪታ በሽቦው ተራራውን ተሻግሮ ይመጣል። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። አንድ ሾፌር በክርኑ የፈንታውን ጠረጴዛ ገፋው፤ ጠጠሩ ተደባለቀ፤ ልጁ ደግሞ አፍሮ በግምት መልሶ ደረደረው።

«እኔ ዘንድ ሁለተኛው ቤቴ ሰባት አለው» ይላል።

«ሁለት ነው ያለው፣ አንተ ቀጣፊ!» ትላለች ገለቴ።

አራት ገበጣ፣ ሁለት ዓይነት እውነት ሆነና አረፈው! መፍትሔውን ያመጣችው ይማርሽ ናት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የዜማ መምህር ናቸው፤ በማኅሌት አንዱ ሲመራ ሌላው ሲቀበል እየሰማች ነው ያደገችው። «በቃ፣ እየተቀባበልን ነው የምንጫወተው» አለች። ከዚያ ወዲያ አንዱ «ሁለተኛውን አነሳሁ፣ ጋሸና አንደኛው ላይ ጨረስኩ» ሲል፣ የቀሩት በየተራ ቃሉን ይደግሙታል፤ ያልገባው እዚያው ይታረማል። ጨዋታው አማረበት፣ ዜማም አገኘ። ይማርሽ እንቅልፍ አጣች፤ በልታም አትጠግብ፣ ሰው ሲያናግራት በልቧ ጠጠር ታድላለች።

ደስታዋ ላይ እሾህ የሆነው አንድ ነገር ነው። አያ ጋሻዬ ሁልጊዜ ቀድመው ይወጣሉ። ከገለቴ ቀጥለው ነው የተቀመጡት፣ ገለቴ ደግሞ ጎረቤት ብላ አትምርም። ቤታቸው ይራቆትና «በሉ እናንተ ተጫወቱ» ብለው መነጋገሪያውን ይሰቅላሉ። አንድ ቀን ግን እንዲህ አሉ፦ «ሚስቴን አፈር ወሰዳት። ልጄን ታፈረን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፤ ይኑር አይኑር ወሬው የለኝም። አሁን ደግሞ ከጠጠርም ወጣሁ። ደህና ዋሉ።»

ከዚያ ወዲያ ለመንግሥት ጥሪ «ሙጃ» ከማለት በቀር ድምፃቸው ጠፋ።

ይማርሽ ክፉኛ አዘነች። ከገበጣው ፈጣሪ ጋር ስትሟገት የኖረች ሴት፣ አሁን እሷው ተወቃሽ ሆነች። ጨዋታዋ ሰው አባረረ። አያ ጋሻዬ ካልተመለሱ ይህን ጨዋታ ባልሠራሁት ይሻለኝ ነበር እስከ ማለት ደረሰች።

«ጨዋታ ነው እኮ» አለቻት ገለቴ። «የተሸነፈ ይወጣል። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«የሚያሸንፈውንማ ማንም ያስደስተዋል! ተሸናፊው ነገም ልምጣ እንዲል ያደረገ ነው ጨዋታ ሠሪ ማለት።»

አሰበች፣ አሰበች፣ አገኘሁት አለች። የቆሎ ተማሪ ስንቁ ሲያልቅ በየደጁ ዞሮ ለምኖ ያድር የለም እንዴ? በዚያው ፍጥነት ሙጃን ጠራች። «አያ ጋሻዬ፣ አዲስ ሕግ አውጥቻለሁ! ቤትዎ ባዶ ሲሆን ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ይበሉ፤ እኛ ከየጎተራችን አንዳንድ ጠጠር እንመጸውትዎታለን፤ ከዚያ ይቀጥላሉ!»

«ይማርሽ፣ በስተርጅናዬ ለማኝ ልታደርጊኝ ነው?» አሉና ዘጉት።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምሳ ላይ ለአባቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መሪጌታ መጀመሪያ እስኪያነባቸው ሳቁ። ቀጥለው ተቆጡ።

«አንቺ ሞኝ! ተማሪ ቢለምን ወጉ ነው። ሽማግሌ ጎረቤትሽ እህል ሲያልቅበት ግን ደጅሽ ቆሞ ሲለምን አይተሽ ታውቂያለሽ? አታይም። አንቺ ነሽ የምታውቂለት። ቁናውን ከደጁ ታስቀምጪና እንዳላየ ሰው ትሄጃለሽ፤ እሱም እንዳላወቀ ሰው ያስገባዋል።»

ይማርሽ እጇን ሳትታጠብ ብድግ አለች።

የሚቀጥለው ስብሰባ እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ ዓመት መሰላት። ሲደርስ ደወለች፤ ሙጃ ስላላነሳ ለፈንታውና ለገለቴ ብቻ ነገረቻቸው፤ ባዶ የሆነ አይወጣም፣ አይለምንምም። የፈለገ ከጎተራው አንዲት ጠጠር ሳይጠየቅ ቤቱ ያኖርለታል።

«በፈቃድ?» አለች ገለቴ። «ማን ነው በፈቃዱ ለባላንጣው ጠጠር የሚሰጥ? አስገድጂን እንጂ!»

«ካስገደድኩሽማ መዋጮ ሆነ! እሱማ አዳራሽ ውስጥ እየተዋጣ አይደል?»

ፈንታው በሳቅ ወደቀ። ይማርሽ መዘውሩን እንደገና አሽከረከረች፤ የሙጃም ደወል እንደሚጮህ ታውቃለች። «አያ ጋሻዬ፣ ሦስቱ ቤትዎ በቦታው ነው። እየተጫወትን ነው» አለችና ሌላ ሳትጨምር ጀመረች። ቀጭ የምትል ድምፅ ተሰማች። መነጋገሪያው ተነሥቷል፤ ድምፅ ግን የለም። የሙጃ ተራ ሲደርስ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ያልፋሉ። ገለቴ እንደ ልማዷ ዘረፈች፤ የሙጃም ቤት ባዶ ሆነ።

«ከላሊበላ አንድ፣ ሙጃ ሦስተኛው ቤት» አለች ይማርሽ።

«ከጋሸና አንድ፣ ሙጃ ሁለተኛው ቤት» አለ ፈንታው። «ጎተራዬ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ትባረክ!»

ገለቴ ቀረች። ጠበቋት።

«እሺ እንግዲህ! ከኮን አንድ፣ ሙጃ አንደኛው ቤት! አንጀቴ እያረረ ነው የሰጠሁት፣ እወቁልኝ!»

«ከኮን አንድ፣ ሙጃ አንደኛው ቤት» አለ አንድ ያረጀ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተቀባይ። ሽማግሌው ለካ ጠጠራቸውን ዘርግተው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲከታተሉ ነበር! «ተራው የሙጃ ነው። ሦስተኛውን አነሳሁ። ላሊበላ አንደኛው ቤት ላይ ጨረስኩ።»

ይማርሽ ወደ ገበጣዋ አየች። አንደኛው ቤቷ ሦስት ጠጠር ነበረው። አራት ሞላ!

«በላሁሽ፣ ልጄ» አሉ አያ ጋሻዬ።

«እሰይ! እሰይ!» ብላ ይማርሽ የጮኸችው ጩኸት የስልክ ቤቱን ዘበኛ በሩጫ አመጣው። እባብ ያየች መስሎት ዱላውን ይዟል። የተበላ ሰው እንዲህ ሲፈነጥዝ የት ታይቶ ያውቃል? ሽማግሌው ግን ገና መጀመራቸው ነው። ዕድል ዞረላቸው፤ በዞረ ቁጥር ከይማርሽ ይበላሉ፣ የቀራትንም እሷው እያደለች ጨረሰች። በመጨረሻ ተራዋ ሲደርስ ሦስቱም ቤቷ ባዶ ሆነ።

ከአዳራሹ የመዝጊያው መፈክር መሰማት ጀምሯል። አንድ ዙር እንኳ ቢቀር ነው።

«ጎተራዬ ባዶ ነው እታለም፣ ይቅር በይኝ!» አለ ፈንታው።

«እኔ ለሕግ አውጪ አልሰጥም!» ገለቴ እየሳቀች ነው። «ያወጣሽውን ቅመሺው!»

ይማርሽ አፏን ያዘች። እንዳትጠይቅ ራሷ ከልክላለች።

«ከሙጃ አንድ፣ ላሊበላ አንደኛው ቤት» አሉ አያ ጋሻዬ። ትንሽ ቆይተውም «ይማርሽ» አሏት።

«አቤት፣ አያ ጋሻዬ።»

«ሕጉ አንድ ብቻ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አንድ ብቻ ነው።»

«አሻሽይው እባክሽ። እኔ መጨመር እፈልጋለሁ። ታፈረ ከሄደ ወዲህ የምሰጠው ሰው አጥቼ ነው የከረምኩት።»

ገለቴም ሳቋን አቆመች። ይማርሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አሻሽዬዋለሁ፣ አያ ጋሻዬ» አለች። «ይስጡኝ።»