ከዴንማርክ የተመለሰው ዱካሞ

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ዱካሞን የማያውቅ የለም፤ ሙሉ ፊቱን ያየው ግን ጥቂት ነው። ዕድሜውን ስፓዛ ከሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ፣ ዳቦውንም ሻማውንም የስልክ ካርዱንም እጅ ብቻ በምታሳልፍ ቀዳዳ ሲያቀብል ነው የኖረው። አንድ ቀን መንገድ ላይ የዘወትር ደንበኛው የሆነች አሮጊት አግኝቶ ሰላም ቢላት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለፈችው። ሱቁ ገብቶ ከፍርግርጉ ኋላ ሲቆም ነው «ኦ፣ ማይ ፍሬንድ፣ አንተ ነህ እንዴ!» ያለችው። ዱካሞ አልተቀየማትም።

ኮሮና ገብቶ አገሩ ሁሉ ቤቱ ሲከተት፣ ሰው መታሰር እንዲህ ነው ወይ እያለ ሲያማርር፣ ዱካሞን አልደነቀውም። እሱ የተዘጋበት ቆይቷል። በዚያ ሰሞን ኢንገር የምትባል ዴንማርካዊት፣ መዋዕለ ሕፃናት ልትረዳ መጥታ፣ አውሮፕላን ቆመና እዚያው ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ቀረች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴትዮ ናት። ዱካሞ እንቁላልና ወተት እስከ በሯ ያደርስላታል፤ እሷም ሻይ ታፈላና ራቅ ራቅ ብለው ተቀምጠው ያወራሉ። የእሷ ወሬ ሁልጊዜ ስለ ደሴቷ ነው፤ መኪና ስለማይገባባት ትንሽ ደሴት፣ ሰው ስለማይደርስበት የባሕር ዳርቻ። ስትሄድ «አንድ ቀን መጥተህ ታየዋለህ» አለችው። ፈረንጅ ሲሰናበት የሚለው ነገር ነው ብሎ ረሳው።

ሴትዮዋ ግን አልረሳችም። አገር ሁሉ ማስኩን ማውለቅ በጀመረበት ሰሞን ቲኬት ላከችለት። ዱካሞ ከስንት ምልልስ በኋላ የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት አግኝቶ ስለነበር ቪዛውም ተመታለት። ለሁለት ሳምንት፣ ባሕር አይቶ ለመመለስ።

መመለስ የሚለውን የሰማ አልነበረም። ጆሃንስበርግ ያለ የአገሩ ልጅ ድንበር ተሻግሮ፣ ጫካ አድሮ፣ መኪና ኮፈን ሥር ተጣጥፎ የመጣ ነው፤ ለእሱ አገር የሚለቀቀው ለመቅረት ነው። በአውሮፕላን አውሮፓ ገብቶ፣ አሸዋ ላይ ተቀምጦ፣ ተነስቶ ልብሱን አራግፎ ወደ ኦሬንጅ ፋርም የሚመለስ ሰው አልተፈጠረም። ስለዚህ ዱካሞ «ለሽርሽር ነው» ሲል ሁሉም ዓይኑን ይጠቅሰዋል። ብልህ ሰው ነው፣ ነገሩን በሆዱ ይዟል አሉ።

የጉባኤያቸው መሪ ፓስተር አጵሎስ ከተማ መሐል ለአምልኮ በሚከራዩት አዳራሽ እጁን ጭኖ ጸለየለት፤ ጸልዮም አልቀረ ተነበየ። «ውሃ አያለሁ! ከውሃው ማዶ በር ተከፍቷል! ወንድሜ፣ የገባህበት በር ከኋላህ ይዘጋል!» ጉባኤው አሜን አለ። ዱካሞ በሩ ከኋላው የሚዘጋ ከሆነ በምን ሊወጣ ነው ብሎ ትንሽ ደነገጠ። በሽኝቱ ቀን ሰው እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሰለት። ወንድሞች «ድንገት የሚጠይቅ ባለሥልጣን ካገኘህ» እያሉ የልጆቻቸውን ጉርድ ፎቶ አስያዙት። የአጎቱ ልጅ ሲላስ ሱቁን በአደራ ተረከበ፤ ሲረከብ መደርደሪያውን በዓይኑ ሲለካ ዱካሞ አይቶታል።

ሚስቱ ድንቅነሽ አላለቀሰችም። «እመለሳለሁ» አላት። «እሺ» አለችው፣ ሕፃን ልጅ ሳድግ አውሮፕላን እገዛልሻለሁ ሲል እሺ እንደሚባለው። ይቺን እሺ ነው እስከ ዴንማርክ ድረስ ይዟት የሄደው።

በኢንገር ደሴት ከጀልባው ሲወርድ፣ የነገረችውን ረስቶ መጀመሪያ የፈለገው ታክሲ ነው። መኪና የለም። ወደቡ ላይ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው። ኢንገር ሻንጣውን አንዱ ጋሪ ላይ ጣለችና መግፋት ጀመረች። አንዲት አሮጊት ሻንጣውን እየገፋች እሱ እጁን አጣጥፎ ሊከተል ነው? ነጠቃትና ራሱ ገፋ። እሷም ደስ ብሏት ፎቶ አነሳችው፤ ዱካሞ በአቧራ መንገድ ላይ፣ በግራ ሣር በቀኝ ሣር፣ ጋሪ ሲገፋ። የዚህን ፎቶ ዕዳ ኋላ ያየዋል።

በማግስቱ ብቻውን ወደ ባሕሩ ሲሄድ መንገድ ዳር አንድ ጠረጴዛ አየ። ድንች፣ እንጆሪ፣ የጃም ጠርሙስ፣ አጠገቡ ደግሞ ሳንቲም ያለበት ጣሳ። ባለቤት የለም። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ምስኪን፣ ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል አለና እስኪመለስ ሊጠብቅለት ቆመ። ባለቤቱ ቀረ። ዱካሞ ቆሞ መዋል ስለማያስችለው ጠርሙሶቹን በመልክ በመልካቸው ደረደረ፣ የበሰበሰውን ድንች ለየ፣ እንጆሪውን ከፀሐይ ወደ ጥላ አዞረ። ብስክሌተኞች መጡና ገዙ፤ ባለሱቁ መስሏቸው አመሰገኑት። ለምሳ ሲቀር ኢንገር ፍለጋ ወጥታ እዚያው አገኘችው።

«ምን ትሠራለህ?»

«ክፍት ጥለውት ሄደዋል። ቢሰረቅስ?»

«ገዢው ራሱ ሒሳቡን ጣሳው ውስጥ ጥሎ ይወስዳል። ማን ይሰርቀዋል?» አለችው፣ ብስክሌቷን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች።

ዱካሞ የመጨረሻዋን የጃም ጠርሙስ ከመስመሯ አስተካከለ። ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ሄዶ የሰው ሱቅ ሲጠብቅ መዋሉ ግን ትንሽ አናደደው።

የባሕሩን ዳርቻ ያየው በሌላው ቀን ነው። በእሾሃማ ጽጌረዳ መሐል የምታልፍ ቀጭን መንገድ አለች፤ እሷ ስታልቅ ነጭ አሸዋና ውሃ ብቻ ነው። ሰው የለም። ዱካሞ ስልኩን ካልሲው ውስጥ ደበቀ፣ ጫማውን ቂጡ ሥር አደረገ፣ ከዚያም ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ መንገዷን ሊጠብቅ ተቀመጠ። ማንም ሊመጣ የሚችለው በዚያች ነው። አንድ ወፍ መጣች፤ ሄደች። ማንም አልመጣም። ቀስ በቀስ ትከሻው ወረደ፣ አንገቱ ዞረ፣ በመጨረሻ ቂጡን አሸዋው ላይ እየጎተተ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

ባሕሩ ጸጥ ብሎ ያበራል። ዱካሞ ዕድሜውን በብረት ተከፋፍሎ ያየው ዓለም፣ ያለ ፍርግርግ ከዳር እስከ ዳር ፊቱ ተዘርግቷል። ደስ አለው፤ ሰውነቱ እስኪላላ ድረስ ደስ አለው። «ድንቅነሽ፣ ተመልከቺ እስቲ!» ብሎ ወደ ጎኑ ዞረ። ጎኑ አሸዋ ነው። ያን ጊዜ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጥገኝነት መጠየቅ፣ መቅረት፣ ጓደኞቹ የመከሩት ሁሉ በዚያች ሰዓት ከልቡ ወጣ። ከአሸዋው አንዲት ለስላሳ ድንጋይ አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ ቀኑ ሲደርስም ተመለሰ።

የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ከፍርግርጉ ኋላ ሲላስ አለ፤ የዱካሞን ካፖርት ለብሷል።

«ኡንጃኒ፣ ምን ልስጥ?» አለ ሲላስ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በዙሉኛ ሰላም ብሎ፣ ቀና ሳይል። ቀና ሲል አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ጋሼ! ምን አደረጉህ?»

«ምንም። መጣሁ።»

«ደበደቡህ?»

«ባሕር አይቼ መጣሁ አልኩህ እኮ!»

ሲላስ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። በሩን ግን ቶሎ አልከፈተም። ድንቅነሽ ከጓሮ ሮጣ መጣች፤ መጀመሪያ ያየችው እሱን ሳይሆን ከኋላው ፖሊስ ይኖር እንደሆነ ነው።

ወሬው ከሰፈር ሰፈር፣ ከኦሬንጅ ፋርም ቶኮዛ፣ ከቶኮዛ አይቮሪ ፓርክ በአንድ ቀን ደረሰ። ዱካሞ ተባሯል። ሊያጽናኑት የመጡትን «አልተባረርኩም» ቢል፣ ይበልጥ አዘኑለት፤ ነገሩ ጭንቅላቱን ነክቶታል አሉ። ማስረጃ ይሁነኝ ብሎ ፎቶዎቹን ሲያሳያቸው ባሰው።

«መኪናው የታለ?» አለ ሲላስ።

«መኪና አይገባም።»

«አስፋልቱስ?»

«የለም።»

«ሰውስ?»

«ጥቂት ነው።»

ሲላስ ጋሪ ሲገፋ የተነሳውን ፎቶ አስፍቶ ለሁሉም አዞረ። «ጋሼ፣ ይሄማ ማላዊ ነው። እኔ ስመጣ በዚህ መንገድ ነው ያለፍኩት።» አንዱም «ያቺን ሣር አውቃታለሁ» ብሎ መሰከረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፓስተር አጵሎስና ሲላስ አብረው መጡ። ፓስተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ነገ ምስክርነት ስጥ። ጠላት መንገዴን ዘጋው፣ አባረሩኝ በል። ነውር የለበትም፣ ስንቱ ተባሯል። ተባርሮ ለመጣ ወንድም ሁላችንም አለን» አለው።

«ሳልባረር?»

«ታዲያ ጌታ የከፈተልህን በር ረግጠህ መጣህ ልበል? ጉባኤው ምን ይላል?» ጉባኤው ስለ ትንቢቱ ምን እንደሚል ግን አላነሳም።

ሲላስም ካፖርቱን እየቆለፈ ቀጠለ። «ተባርረህ ከሆነ፣ ጋሼ፣ ሱቁ ሱቅህ ነው። በረከትህን ጥለህ ከመጣህ ግን፣ እኔ የተሰጠኝን እንዴት እጥላለሁ?»

ሲሄዱ ድንቅነሽ ልብስ እያጠበች ነበር። «ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። ነገራት። ስለ ጠረጴዛው ሲነግራት ሳቀች፤ «የሰው ድንች ስትለቅም ዋልክ?» ብላ እጇን አረፋ ውስጥ እንደነከረች ተንፈቀፈቀች። ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ መቀመጡን ሲነግራት ሳቋን አቆመች። ወደ ጎኑ መዞሩን ሲነግራት እጇን ከአረፋው አወጣች። ድንጋይዋን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው።

«ይህን ፈጥረህ አታወራም» አለች በመጨረሻ። «ይህን የምትፈጥርበት ጭንቅላት የለህም።» ከብዙ ዓመት ወዲህ ዱካሞ እንዲህ የሚያምር ነገር ከሰው አፍ አልሰማም።

እሑድ አዳራሹ ሞልቷል። ዱካሞ መድረክ ላይ ወጣ። እውነቱን ሊናገር ነበር፤ አፉ ላይ ነበር። ግን ያ ሁሉ ፊት በርኅራኄ ዝግጁ ሆኖ ሲያየው፣ ሶፍት እንኳ በእጁ ይዞ ሲጠብቀው አየ። ሲላስም ካፖርቱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ነገ ሰኞ ነው፣ ዳቦ የሚመጣበት ቀን ነው። «ወገኖቼ» አለ፣ «አባረሩኝ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ፓስተር አጵሎስ «በሩ ከኋላው ይዘጋል አላልኩም?» እያለ ዘለለ፤ ትንቢቱ ከአውሮፓ ይልቅ ለኤርፖርት ሆኖ ተፈጸመ። ሲላስ እያለቀሰ ወጣና ካፖርቱን አውልቆ በሁሉ ፊት ትከሻው ላይ ጣለለት። ልጆቻቸውን በፎቶ የላኩት ወንድሞች አንድ በአንድ አቀፉት። ዱካሞ በሕይወቱ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። በጭብጨባው መሐል ድንቅነሽን ፈለጋት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፣ አታጨበጭብም።

ወደ ኦሬንጅ ፋርም የሚወስደው ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ረጅም ነው። ካፖርቱ የሲላስ ላብ ይሸታል፣ ግን ይሞቃል።

«ለሰው ብዬ ነው ያልኩት» አላት።

እሷ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ሱቁን እንዳናጣ ብዬ ነው። አንቺ እውነቱን ታውቂ የለ።»

ድንቅነሽ ድንጋይዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ መዳፏ ላይ አገላብጣ አየቻት።

«ትናንት ለእኔ አንድ፣ ዛሬ ለእነሱ ሌላ ነገርክ» አለችው። «ሁለታችንንም ደስ አሰኝተኸናል። ደስ ለማሰኘት ያልነገርከው የቱ ነው?»

ዱካሞ እንደ ባሕሩ ዳር ወደ ጎኑ ዞረ። እዚያው አጠገቡ ናት፤ የሚላት ግን አጣ።