ሚናራ ፈልጊ ያልኳት ቀን

ልጄ ከቻይና ደውላ «እማ፣ ባጌ ታክሲ ውስጥ ቀረ» ስትለኝ እኔ በሰው አገር በምንኖርበት አውሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ነበር። ባግ ይገዛል፣ ምን ያስጮህሻል ልላት አፌን ስከፍት «ኢንሱሊኑ እዚያ ውስጥ ነው» አለችኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እኔ አልሄድኩም። ከኋላዬ ክላክስ ሲያደርጉብኝ ነው እግሬ ፍሬን ላይ እንዳለ ያወቅኩት።

ልጄ ስኳር አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ ካልተወጋች አትውልም። አንድ ጊዜ ሳትወጋ ውላ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝታለች። ያን ቀን የነበረውን አተነፋፈሷን ሰምቼዋለሁ፣ ዳግመኛ አልሰማውም ብዬ ምዬ ነበር።

ቻይና የሄደችው ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ለትምህርት ነው። ሺአን የምትባለውን የጥንት ከተማ ሁሉም አብረው ቅዳሜ ሊያዩ ነበር። ቀድመሽ ግቢና ጁምዓን እዚያ ስገጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እዚያ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተሠራ መስጊድ አለ ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ነበር። እሷም እኔን ደስ ይበላት ብላ ብቻዋን በባቡር ገባች። ስትደውልልኝ እኛ ጋ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እሷ ጋ ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው።

ቻርጀሩም ባጉ ውስጥ ነው። የሆቴሉ አድራሻ ስልኩ ውስጥ ነው፣ የስልኩም ባትሪ ሊያልቅ ነው። ፖሊስ ልፈልግ አለች። እኔ ደግሞ ፈጠን ብዬ፣ «ፖሊስ ምን ያደርግልሻል፣ በምን ቋንቋ ልታወሪ ነው? ቀና ብለሽ ሚናራ ፈልጊ፣ መስጊዱ በር ላይ ተቀመጪ፣ ሙስሊም አይጥልሽም» አልኳት። መርካቶ ላደግን ልጆች የጠፋ ሰው መፍትሔ ይኸው ነበር፤ ከፍ ያለውን የመስጊድ ማማ፣ ሚናራውን ማየት፣ ወደዚያ መሄድ፣ በሩ ላይ መቀመጥ። «ኦኬ፣ እማ» አለች። ስልኩ ጠፋ።

ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወልኩ፣ የተቀዳ ድምፅ ቢሮ ተዘግቷል አለኝ። ያኔ እዚሁ አውሮራ የኑድል ምግብ ቤት ያላቸው የሺአን ሰው ትዝ አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ ሲወጡ ሰላም እንባባላለን። የእኔም እንግሊዝኛ የተሰበረ፣ የእሳቸውም የተሰበረ ስለሆነ እንግባባለን። በራቸው ላይ መኪናዬን በሁለት መኪና ቦታ ላይ አጋድሜ ፓርክ አደረግኩና ገባሁ።

ተቀመጪ አሉኝ፤ እንቢ አልኩ። ነገሩን ቆሜ ነገርኳቸው። የሜኑውን ወረቀት ገልብጠው እስክርቢቶ አወጡ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ካርታ አይገባኝም፤ የእሳቸው ግን ገባኝ። አራት ማዕዘን አድርገው ሳሉና ይሄ ከተማውን የሚከብ ግንብ ነው አሉ። ሐረር በልጅነቴ ጀጎልን አይቻለሁ፣ እንደዚያ ነው ብዬ አሰብኩ። የእሳቸው ግን ላዩ ላይ ሰው ብስክሌት የሚነዳበት፣ ዙሪያውን ውሃ የከበበው ነው። በአራቱም አቅጣጫ በር አለው። መሐሉ ላይ የደወል ግንብ፣ ከሱ ትንሽ ወደ ምዕራብ የከበሮ ግንብ። በድሮ ጊዜ ጠዋት ደወል፣ ማታ ከበሮ ይመታ ነበር አሉ። ከከበሮው ግንብ ጀርባ የሙስሊሞቹ ሰፈር፣ ጠባብ ጠባብ መንገድ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሥጋ ጠባሽ። ተራራው ደግሞ በደቡብ ነው፣ ያውም ጭጋግ ካልሸፈነው። እዚህ አውሮራ ተራራው በምዕራብ ነው፤ ልጄ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ተራራ ካየች ምዕራብ ነው የምትል ናት። አቅጣጫው ሊዞርባት ነው ማለት ነው።

«ምን ፈልጊ አልሻት?» አሉኝ።

«ሚናራ።»

እስክርቢቷቸውን አስቀመጡ። «እህቴ፣ የእኛን መስጊድ ቀና ብሎ ያገኘው የለም» አሉ።

ጉልላት የለውም አሉኝ። ጣሪያው እንደ ቻይና ቤት ጫፉ ቀና ያለ፣ በሩ የእንጨት፣ ግቢው በግቢ ውስጥ ሌላ ግቢ፣ ዛፍና አበባ ያለበት ነው። አዛን ይባልበት የነበረው ማማ እንኳ ሻይ ቤት ነው የሚመስለው። ቁርአኑ ውስጥ ነው፣ እንጨት ላይ ተቀርጾ። የቻይና ቤተ አምልኮ ወደ ደቡብ ይዞራል፣ እሱ ብቻ ወደ መካ፣ ወደ ምዕራብ። ይህን የማያውቅ ሰው በምን ይለየዋል? ልጄ በሩ ላይ ብትደርስ እንኳ የጣዖት ቤት ነው ብላ ዓይኗን ሰብራ ታልፋለች። ፖሊስ ጋ ብትሄድ ኖሮ ይሄኔ መርፌዋን ተወግታ ነበር። ከዚያ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

እሳቸው ግን እያሰቡ ነበር። ከፍ ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው እዚያ ሰፈር የሚያየው የከበሮውን ግንብ ነው አሉ፤ የደወሉ ግንብ መኪና በሚዞርበት አደባባይ መሐል ነው፣ ከመሬት በታች ባለው መተላለፊያ ካልሆነ በእግር አይደረስበትም። እህታቸው እዚያው ዳቦ ትጋግራለች። ደወሉላት፣ የልጄን ፎቶ ላኩላት፣ ቡናማ ሒጃብ ለብሳለች ብያቸው እሱንም ነገሯት።

ከዚያ ለሰዓታት መጠበቅ ሆነ። ጠንካራ ቂጣና ባዶ ሳህን ሰጡኝ። በአገራቸው እንግዳው ራሱ በጣቱ ይፈትታል፣ ከዚያ የበግ መረቅ ይፈስበታል። ፍትፍት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። እኔ ቆሜ ፈተትኩ፣ መስኮት ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ፈተትኩ። ሳህኔ ላይ ቂጣው ዱቄት መሆኑን አይተው፣ «ጥርስ ላላወጣ ልጅ ነው?» አሉኝ። ለመሳቅ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የዱሮ ነጋዴዎች ከዓረብና ከፋርስ በግመል ሺአን እየደረሱ፣ እዚያው አግብተው እንደቀሩ፣ እሳቸውም የነሱ ዘር እንደሆኑ አወሩኝ። ዓይኔ ስልካቸው ላይ ነበር። «ያን ሁሉ ዘመን መንገደኛ ተቀብለናል፣ ያንቺን ልጅ አንጥልም» አሉ።

ስልኩ ሲጮህ ሳህኑን ደፋሁት።

እህታቸው ናት። ልጄን ከከበሮው ግንብ ሥር ደረጃ ላይ ተደግፋ አገኘቻት፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ደጋግማ አስመልሳለች። በመስጊዱ በር ሁለቴ አልፋለች። አሁን ሆስፒታል ናቸው፣ ኢንሱሊን ሰጥተዋታል። ስልኩን ሰጡኝ፤ ጆሮዬን ለትንፋሿ ነበር ያቆምኩት። ደህና ትንፋሽ ነው።

«እማ፣ ሶሪ፣ ባጉን…» አለች።

«ዝም በይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ፖሊስ ያልሽው ልክ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ስለ መርፌሽ እኔ አላዝሽም።»

«ራይት ዳውን አድርጊው፣ ወረቀት ላይ ጻፊው» ብላ ሳቀች።

ከዚያም ሐኪሙ ስኳሯ እየወረደ ነው እንዳላት ነገረችኝ፣ የዳቦ ጋጋሪዋም እጅ እጇ ላይ እንደሆነ። ወንበር ስቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ድናለች፣ እኔም ደህና ነኝ።