አቶ ኣስመላሽ ዋራንቲ የገዙ ዕለት

ኦሮራ ከተማ ባለው ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ፣ ሻጩ «ዋራንቲ ይጨመርልዎት? ቢበላሽ ድርጅቱ ያሠራልዎታል» ሲል አቶ ኣስመላሽ ውሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ልጃቸው ሄርሞን መልሱን የምታውቅ መሰላት። ዋራንቲ ሲነሳ የአባቷ ደም ይፈላል።

ለፊተኛዋ መኪና ዋራንቲ ገዝተው ነበር። ዘይት የሚቀይርላቸው ግን የፓርክ ሂል ሰፈር ጎረቤታቸው መካኒኩ ለገሠ ነበር፤ በራፉ ላይ፣ እየተጫወቱ። ገንዘብ ላውጣ ቢሉት ይቀየማል። ታዲያ እንዲህ ካለ ሰው ደረሰኝ ይጠየቃል? ሞተሩ ሲበላሽ የዋራንቲው ድርጅት «ዘይት ሲቀይሩ የተቀበሉት ደረሰኝ ከሌለ አንከፍልም» ብሎ መለሳቸው። «ሌቦች!» እያሉ ቤታቸው ገቡ።

ለገሠ ይህን ሲሰማ፣ ጥፋቱ የራሱ ይመስል አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌውን ሰብስቦ ሞተሩን አውርዶ ሠራላቸው። መኪናዋ ብዙ ዓመት አገለገለች፤ ከእሱም በላይ ቆየች። እሱን ባለፈው መጋቢት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ቀበሩት።

«ኖ ልበለው አይደል፣ አባዬ?» አለች ሄርሞን።

አቶ ኣስመላሽ እስክሪብቶውን ከሻጩ እጅ ተቀበሉ።

«የለም፣ እገዛለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ እኮ ለገሠ ነበረኝ።»