ውላችን ላይ የዘለልኳት ጳጉሜን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር በተፋታን በመጀመሪያው ክረምት ነው። ጳጉሜን በገባች ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ልጃችን የሺ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም የልጄን ነገር ለሌላ ሰው አልተውም ብዬ ውሉን ራሴ ጻፍኩት። ከመስከረም እስከ ሰኔ እየተማረች ከእኔ ጋር፣ ሐምሌንና ነሐሴን ከአባቷ ጋር ትሆናለች አልኩ። ስትታመም ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስዳት፣ ደብተር ማን እንደሚገዛላት፣ አባቷ ዘንድ ስትሆን ፀጉሯን ማን እንደሚሠራት ሳይቀር አሰፈርኩ። የምንቀባበልበትንም ቦታ፣ ሞላሌ ገበያ መግቢያ ያለውን ጥድ፣ ጻፍኩ።

ሽማግሌያችን ቄስ አጥላው ሲያነቡት ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ ከድርሳን የረዘመ ውል አመጣሽብን! ንፍጧን ማን እንደሚያብስ ብቻ ነው የቀረሽ።»

«ካስፈለገ እሱንም እጨምራለሁ፣ አባ» አልኳቸው።

ደምሴ ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን በጠዋት የበግ ጠጉር ባናዬን ደርቤ ጥዱ ሥር ቆምኩ። ቀትር አለፈ፣ ዝናብ መጣ፣ ከብቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ደምሴ አልመጣም። ከእነሱ መንደር የምትመጣ ሴት አስቁሜ ጠየቅኋት።

«ደምሴን? ትናንት ልጅቱን በበቅሎ አፈናጦ ወደ መሐል ሜዳ ሲሄድ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

የአዲስ አበባ አውቶቡስ የሚነሣው ከዚያ ነው፤ ደምሴ ደግሞ አዲስ አበባ እህት አለችው። ልጄን ወሰዳት አልኩ።

ሲነጋ ቄስ አጥላው ደጅ ነበርኩ። ወረቀቱን አወጡና አነበቡ። «ሐምሌንና ነሐሴን ከአባቷ ጋር፣ ከመስከረም ጀምሮ ከእናቷ ጋር…» ቀና አሉ። «ጳጉሜንስ?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች ፈለግኳት፤ የለችም።

«የንፍጧን ነገር እንኳ ልታስገቢ የነበርሽ ሴት አምስት ቀን ሙሉ ጣልሽ?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ከነገ ወዲያ ሩፋኤል ነው። ደምሴ ንግሡን ቀርቶ አያውቅም። ቤቱ ድረስ ሄደሽ ጠብ አታንሺ፤ እዚያ ጠብቂው።»

ሁለቱን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

የሩፋኤል ዕለት ታቦቱ እንደወጣ ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ እንደ ልማዳችን በዝናቡ ሊጠመቁ ሜዳው ላይ ሲሯሯጡ አንዷ የሺ ነበረች። አዲስ የላስቲክ ጫማ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

«እማዬ! አባባ መሐል ሜዳ ነው የገዛልኝ፣ ለትምህርት ቤት!» ብላ ጮኸች።

ደምሴ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለኝ።

«ነሐሴ ሠላሳ ጥዱ ሥር ዋልኩ።»

«እኔ እኮ መስከረም ሲጠባ መስሎኝ! ጳጉሜንን ለማንም አልጻፍሽም።»

ልቆጣ ነበር፤ ሳቄ ቀደመኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ቄስ አጥላው ወረቀቱን ከካባቸው ሥር አወጡ። ብዕሩን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ለደምሴ ሰጡት። እሱም መሠረተ ትምህርት በተማረው ፊደል እያማጠ ጻፈ። «ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ሁለታችንም እንመጣለን። ልጅቱ ከተጠመቀች በኋላ እናቷ ትወስዳታለች።»

ዛሬ የሚለያዩ ባልና ሚስት ምክር ሲጠይቁኝ፣ ሁሉንም ዘርዝሩ፣ ብዕሩን ግን አንዳችሁ ብቻ አትያዙት እላቸዋለሁ። ወረቀቱ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ። እኔ በጻፍኩት ብዙ ተጨቃጭቀንበታል። በደምሴ እጅ የተጻፈችውን መስመር ግን የሺ እስክትዳር ድረስ አንድም ዓመት አላጎደልናትም።